ከመስቀል በኋላ ማን ይቀራል?

የልጃገረዶች የመሪነት ሥልጠና በመዝጊያው ቀን ሲያዩት ያምራል። ባነሩ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል፤ የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋሉ፤ ሰርተፊኬት ይታደላል፤ ፎቶ ይነሳል። እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ የሥርዓተ ጾታ ክበብ ተጠሪ መምህርት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ዝግጅት የማውቀው ከጓዳው በኩል ነው። እስቲ ጠጋ በሉ፤ ከመድረክ ላይ የማይነገረውን ልንገራችሁ። ሥራውን ስለምወደው ነው የምናገረው።

ከምርጫው ልጀምር። ለትምህርት ቤቶች የሚላከው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ «ንቁ ተሳትፎ ያላቸውን ሦስት ሴት ተማሪዎች መርጣችሁ ላኩልን» የሚል ነው። ርዕሰ መምህሩ ምን ያድርግ? ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ በሚኒ ሚዲያ ዜና የምታነበውን፣ ደረጃ የምትይዘውን፣ አማርኛ የሚቀናትን ይልካል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ መጥተውም ይጠቀማሉ። ነገር ግን የበኩር ልጅ የሆነችው፣ ታናናሾቿን አጥባ አብልታ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የምትደርሰው፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ልጅ ስሟ በዚያ ዝርዝር ላይ አይገባም። ከዓመት ዓመት እነዚያው ልጆች ከአንዱ ሥልጠና ወደ ሌላው ሲዞሩ አይቻለሁ። ቤታቸው ሦስት አራት ሰርተፊኬት ተሰቅሏል። የጎረቤታቸው ልጅ ደግሞ አንድም ጊዜ ተጠርታ አታውቅም።

አንዲት ነባር በጎ ፈቃደኛ ያስተማረችኝ ዘዴ አለ። ደብዳቤውን ትተዋለች፤ በቀጥታ የስም ጥሪ መዝገቡን ትጠይቃለች። ደጋ ላይ ባለችው ጨንቻ ከተማ ገበያው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የቀሪ ምልክት የተደረደረባት ልጅ ካለች፣ ያቺ ልጅ ገበያ ላይ ናት፤ ወይም እናቷ ገበያ ስለወጣች ቤት ጠባቂ ሆናለች። የቤቱን ሸክም ይዛ ክፍል የምታልፈዋ ልጅ ማንም ሳይሾማት ቤት እየመራች ነው። ልንፈልጋት የሚገባን እሷን ነው።

ይህ የእኛ ከተማ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ገደማ በአዲስ አበባ የወጣት ማዕከላትን ተጠቃሚዎች ያጠኑ ሰዎች፣ ማዕከላቱን በአብዛኛው የሚጠቀሙት በዕድሜ ከፍ ያሉ ወንዶች እንደሆኑ አገኙ፤ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶች በሩን የሚያዩት በጣም በጥቂቱ ነበር። ከዚያ በኋላ መርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም መንገዱን ገለበጠው። ልጆቹ እንዲመጡ ከመጠበቅ ይልቅ የሰፈሩ ሴቶች መካሪ ሆነው ቤት ለቤት ሄዱ፤ አሠሪዋን አነጋገሩ፤ ልጅቷ የምትወጣበትን ሰዓት ተደራደሩ። በር ማንኳኳቱ የፕሮግራሙ ትልቁ ሥራ ነበር።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚታየው ግን የሳምንት ካምፕ ነው። ቅርጹ «ካምፕ ግሎው» ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። ያንን ካምፕ በ1995 እ.ኤ.አ. ሮማንያ ውስጥ የነበሩ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ጀመሩት፤ ከዚያ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። ሰላም ጓድ ኢትዮጵያን ያወቃት ቀደም ብሎ በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወጣ ገባ ሲል ቆይቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲመለስ የካምፑ ልማድ አብሮት ገባ። መልካም ልማድ ነው። ልጅቷ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ሳምንት ውኃ ሳትቀዳ፣ እንጨት ሳትለቅም ታሳልፋለች፤ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ታድራለች፤ ስለ ሰውነቷ ያለ እፍረት ትጠይቃለች። ሳምንቱን አላጣጥልም። የማወራው ከሳምንቱ በፊትና በኋላ ስላለው ነገር ነው።

ከሳምንቱ በፊት እናት አለች።

የደጋ እናት ልጄን አልልክም ስትል ከተማ ያለው አዘጋጅ በሪፖርቱ ላይ «የባህል ተጽዕኖ» ብሎ ያሰፍራል። ቤቷ ገብቶ፣ ቡናዋን ጠጥቶ የሰማት ግን ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጉምና ብርድ የማይለያት ከተማ ናት። አርባ ምንጭ ከሷ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ከአባያና ከጫሞ አጠገብ፣ በሙቀቱ ውስጥ ነው። ደጋ ላይ ያደገ ሰውነት ወባን አልለመደም። ያቺ እናት ከአያቷ ጀምሮ ስትሰማ ያደገችው ቆላ ወርዶ በትኩሳት የተመለሰ ሰው ታሪክ ነው። ፍርሃቷ ልክ ነው። መልሱም በንግግር አይገኝም፤ አጎበር ነው። የመኝታ ክፍሉን አይታ፣ አጎበሩን በእጇ ነክታ፣ ልጇ ካተኮሳት ወደየትኛው ጤና ጣቢያ እንደምትወሰድና ማን እንደሚወስዳት በስሙ ካወቀች በኋላ ልጇን ያልላከች እናት ብዙም አላጋጠመችኝም። ከቲሸርቱ በፊት አጎበሩ ይገዛ የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ደግሞ ሰዓት ነው። በዶርዜና በአካባቢው ወንዱ ይሸምናል፤ ሴቷ ትፈትላለች። ልጅቷ ለሳምንት ስትሄድ የሳምንት ፈትል አብሯት ይሄዳል። እንሰት መፋቁም የሴት ሥራ ነው። ታች ከተማ ያሉትም አልተረፉም፤ ከነጭ ሳር ጫካ እንጨት ተሸክመው ሲቀላ ወደሚባለው የከተማው ክፍል ገብተው የሚሸጡ እናቶች ልጆች ሌላ ሸክም አለባቸው፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር የቤተሰቡን ልብስ አጥበው የሚመለሱትም እንዲሁ። ለእነዚህ ቤቶች «ልጃችሁን ለመሪነት እናሠልጥንላችሁ» ማለት በተግባር «የሳምንት ጉልበት ስጡን» ማለት ነው። ይህን ጮክ ብለን ሳንናገር እንለምናለን፤ እነሱ ግን ወዲያው ያሰሉታል።

ይህን ስሌት በግልጽ ያስገባ ፕሮግራም በአገራችን ነበረ። ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» ነው። ያለዕድሜ ጋብቻ የጸናበት አካባቢ ነበር። ልጆቹ ከመካሪ ሴቶች ጋር በቡድን ይገናኛሉ፤ ትምህርት ቤት ለሚሄዱት ደብተርና እርሳስ ይቀርባል፤ ወላጆች ደግሞ ልጃቸውን ሳይድሩ ሁለቱን ዓመት ከዘለቁ በምረቃው ላይ ለልጅቷና ለቤተሰቧ አንዲት ፍየል ይሰጣል። ውጤቱ ሲለካ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ የማግባት ዕድል ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። በፍየሏ የሚያፍሩ ሰዎች ገጥመውኛል፤ «ልጅን በፍየል መግዛት» ይሉታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ድሃ ቤት ለልጁ የሚከፍለውን ዋጋ አይቶ ለመካስ መሞከር አክብሮት ነው።

ፍየል መግዛት የማይችሉ በጎ ፈቃደኞችም መላ አያጡም። ደጋ ላይ አንዳንዶቹ ልጆቹ ጥጣቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው እንዲመጡ ፈቅደዋል። እጅ ይፈትላል፤ ጆሮ ይሰማል፤ አፍም ይናገራል። ማታ ልጅቷ ከነፈትሏ ቤቷ ትገባለች። ለፎቶ ብዙም አይመችም። ውይይቱ ግን ከየትኛውም አዳራሽ ይሻላል፤ እጇ ሥራ የያዘች ልጅ አቀርቅራ ስለምታወራ ማንም ያፈጠጠባት አይመስላትም።

ስለ ማውራት ካነሳሁ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ጉዳይ አለ። ሥልጠናው በአማርኛ ነው፤ ማኑዋሉ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። ከቦንኬ ወይም ከጋጮ ባባ ወረዳ የመጣች ልጅ ግን የምታስበው በጋሞኛ ነው። የመጀመሪያ ክፍሎችን የተማረችው በጋሞኛ ነው፤ ከፍ ስትል የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነባት፤ አማርኛን የምታውቀው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ሦስተኛ ቋንቋዋ በሆነው አማርኛ ስለ ራሷ አምስት ደቂቃ እንድትናገር እንጠይቃትና፣ ስትደናቀፍ በምዘናው ቅጽ ላይ «ዓይን አፋር» ብለን እንጽፋለን። ማታ በመኝታ ክፍሏ በቋንቋዋ ስታወራ ብትሰሟት፣ አሥር ልጅ ዙሪያዋን ተቀምጦ በሳቅ ሲፈርስ ብታዩ፣ ያንን ቅጽ ትቀዱት ነበር። ጋሞኛ የሚናገር አንድ በጎ ፈቃደኛ በየቡድኑ መኖሩ ከፍሊፕቻርትም ከፕሮጀክተርም ይበልጣል።

የመሪነት ትርጉሙም መፈተሽ አለበት። ማኑዋሎቻችን ልጅቷ ቀና ብላ እንድትቆም፣ ድምፅዋን ከፍ እንድታደርግ፣ «እችላለሁ» እንድትል ያስተምራሉ። ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህች ከተማ ለመላው አገር ያሳየችው የመሪነት ምሳሌ ሌላ መልክ ነበረው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጠገብ ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ፣ በቁጣ የወጡ ወጣቶች ፊት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። የጋሞ ባህላዊ ሸንጎ የሆነው የዱቡሻ ሥርዓት ያሳደጋቸው ሰዎች ናቸው፤ በዱቡሻ ላይ ተራ ጠብቆ መናገርና እስከ መጨረሻው መስማት ግዴታ ነው። ይህን ታሪክ በሥልጠና ላይ ስናነሳ ልጆቹ ይነቃሉ፤ የሚያውቁት ታሪክ ነው፤ አንዳንዶቹ አያታቸውን ያስታውሳሉ። ከዚያ አንዷ ትነሳና አባቶቹ ተንበርክከው በሚታዩበት ፎቶ ላይ እናቶች ለምን የሉም ብላ ትጠይቃለች። ከዚህ ጥያቄ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከሳምንቱ ሁሉ የላቀ ነው። አሠልጣኙ ለመመለስ ካልቸኮለ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ በጎ ፈቃደኞቹ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እነሱ ጋ ነው።

አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ለባጃጅ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ ለስልክ ካርድም እንዲሁ። የውሎ አበል ያለው ለአሠልጣኙና ለእንግዳው ነው፤ ለእነሱ ሻይ ቡና አለ። ሴት በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ ትከፍላለች። አምሽታ ስትገባ ቤተሰብ ይቆጣል፤ ሰፈሩ ያወራል። ለሴት ልጆች መብት የምትደክመው ልጅ የራሷን የመውጫ ሰዓት በየቀኑ እየለመነች ነው የምታገለግለው።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ደግሞ በካምፑ ውስጥ ያለው የሥራ ክፍፍል ነው። ወንዶቹ ማይክራፎን ይይዛሉ፤ ማነቃቂያ ጨዋታውን ይመራሉ፤ ፎቶ ያነሳሉ። ሴቶቹ ቁርስ ያሰናዳሉ፤ የታመመች ልጅ ያስታምማሉ፤ ሌሊት በር አጠገብ ይተኛሉ። ማንም በክፋት ያደረገው የለም፤ እንዲሁ ይሆናል። ልጆቹ ግን ያያሉ። ስለ እኩልነት ጠዋት የሰሙትን ምሳ ሰዓት ላይ ማን ሳህን እንደሚያነሳ አይተው ይመዝኑታል። የሥራ ድልድሉን ከመጀመሪያው ቀን በወረቀት ጽፎ ማዞር ቀላል ነው፤ ዛሬ ማይክራፎን የያዘ ነገ ድስት ይይዛል። ሲደረግ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ወንድ አሠልጣኛቸው ሽንኩርት ሲከትፍ እየሳቁ ሊያግዙት ይመጣሉ፤ በዚያው ስለ ቤታቸው ያወሩለታል።

ስለ ደኅንነትም በለሆሳስ የማልፈው ነገር የለኝም። ለክትትል ተብሎ የልጆቹ ስልክ ቁጥር በየእጁ ይዞራል። ከዚያ የማታ መልእክት ይጀመራል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ የሚደወለው በእናት ወይም በአሳዳጊ ስልክ ነው፤ የምትደውለውም ሴት በጎ ፈቃደኛ ናት፤ ማንም አዋቂ ከአንዲት ልጅ ጋር በዝግ ክፍል ብቻውን አይሆንም፤ የልጆች ፎቶ በግል ስልክ አይቀርም። ይህን በመክፈቻው ቀን በጽሑፍ ያላስፈረመ አዘጋጅ ልጅ ሊረከብ አይገባውም።

ሌሊቱን በር አጠገብ የሚተኙት ሴቶች የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሌሊት አንዷ ልጅ የወር አበባዋ ይመጣና በጨለማ ታለቅሳለች። የመጀመሪያዋ የሆነችም ትኖራለች። በቦርሳ ውስጥ ሞዴስና የውስጥ ልብስ የሌለው ካምፕ በሦስተኛው ቀን «ሆዴን አመመኝ» ብላ ወደ ቤቷ የምትመለስ ልጅ ይኖረዋል። መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚለበስ ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 እ.ኤ.አ. በሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ስትመረጥ፣ እኛ ዘንድ ከጨርቅ ሞዴስ መስፋት የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች የራሳቸው ሥራ የተመሰገነ ያህል ነው የተደሰቱት። በካምፑ ከሚሰጡት ትምህርቶች ልጆቹ ቤት ሄደው ለእህቶቻቸው በእርግጠኝነት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

የሹክሹክታዬ ዋና ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ካምፑ የሚካሄደው በክረምት ነው። ትምህርት ተዘግቷል፤ በየዩኒቨርሲቲው የተበተኑት የጋሞ ልጆች ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ አገራቸው ገብተዋል፤ አዳራሽ ይገኛል። በነሐሴ ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ሪፖርት ይጻፋል፤ ገንዘቡ ይዘጋል። ከዚያ መስቀል ይመጣል። በጋሞኛ ማስቃላ የሚባለው ይህ በዓል ለጋሞ የበዓላት ሁሉ ታላቅ ነው። ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ሸማኔው፣ ከየከተማው ነጋዴው፣ የትም ያለው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይገባል። ይታረዳል፤ ይጨፈራል፤ የተጣላ ይታረቃል። በዓሉ አልፎ ዘመድ ሲመለስ ግን አብሮት ልጅ የሚሄድበት ቤት አለ። ወንዱ ለሽመና፣ ሴቷ ለቤት ሥራ። «አስተምራታለሁ» ተብሎ ቃል ይገባል። ቃሉን የሚጠብቅም አለ፤ የማይጠብቅም አለ።

በነሐሴ መድረክ ላይ ቆማ ሐኪም እሆናለሁ ያለች ልጅ በጥቅምት ወንበሯ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ማን አለ? የክረምቱ በጎ ፈቃደኛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሷል። ድርጅቱ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ እየጻፈ ነው። በዚህ ላይ በእኛ አካባቢ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ከሚያዝያና ግንቦቱ ሌላ በመስከረምና በጥቅምት እንደገና ይመጣል፤ የደጋው መንገድ ይጨቀያል፤ ኩልፎም ሞልቶ ይወርዳል። ልጅቷ ሰው በጣም በምትፈልግበት ሳምንት ሁሉም ርቋል።

መፍትሔው ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። የክረምቱ በጎ ፈቃደኞች ሲወጡ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገባሉ። ኩልፎ ግቢና ሌሎቹ ግቢዎች ከየክልሉ በመጡ ሴት ተማሪዎች ይሞላሉ፤ ከእነሱም ውስጥ ጋሞኛ የሚናገሩ አሉ። በሁለቱ መካከል የሚያስፈልገው ርክክብ ብቻ ነው። አንድ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ገጽ፦ የእናት ስልክ፣ ቤቷ ውስጥ የምትሠራው ሥራ፣ የገበያ ቀኗ፣ ለመስቀል የሚመጣው ዘመድ ማን እንደሆነ፣ ልጅቷ ለመሄድ ተጠይቃ እንደሆነና ራሷ ምን እንደምትፈልግ። ደብተሩ በክበብ ተጠሪዋ መምህርት ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ከእጅ ወደ እጅ አይዞርም። እንዲህ በተደረገባቸው ጥቂት ጊዜያት ከመስቀል በፊት ወደ ቤቷ ተሂዶ፣ ከአባትና ከእናት ጋር ተወርቶ፣ ጉዞው የቀረላቸው ልጆች አውቃለሁ። የሄዱም አሉ፤ ግን የት እንዳሉ የሚያውቅና የሚደውልላቸው ሰው አላቸው።

በትምህርት ቤት የቀሩትን የሚያቆየው ደግሞ ዕቁብ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ብር የሚጥሉ የልጃገረዶች ዕቁብ። ዳኛ ትመረጣለች፤ ጸሐፊ ትመረጣለች፤ ያልከፈለች ትጠየቃለች፤ እናቷ የታመመችባት ተራ ሳትጠብቅ እንድትወስድ ይወሰናል፤ አንዷ ታኮርፋለች፤ ዳኛዋ ታስታርቃለች። ብሩ ደብተርና ሞዴስ ይገዛል። ስለ መሪነት አንድም ቃል ሳይነገር ልጆቹ ሂሳብ መያዝን፣ አደራን፣ ጨከን ብሎ መወሰንን ይለምዳሉ። ከኋላ ወንበር የነበረችው የማክሰኞ ቀሪ ዳኛ ሆና ስትመረጥ ያየሁት እዚህ ነው፤ ታናናሽ የምታሳድግ ልጅ ገንዘብ እንደማትበላ ጓደኞቿ ያውቃሉ።

ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች በቅጻቸው ላይ «የቤት ለቤት ጉብኝት» ወይም «የጨንቻ ሚኒባስ በጥቅምት» የሚል መስመር የላቸውም፤ ስለዚህ አዘጋጆች አይጠይቁም። ሁሉም ቅጽ ላይ ግን «ክትትልና ድጋፍ» የሚል መስመር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ተጽፎበት ያልፋል። ከባነሩ፣ ከቲሸርቱና ከመዝጊያው ምሳ ቀንሳችሁ እዚያ ላይ ጨምሩ። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር መጨረሻ ለሁለት ሴት በጎ ፈቃደኞች የትራንስፖርትና የስልክ ካርድ አስሉ፤ የዝናብ ቦቲ ጫማም ጨምሩላቸው። ምክንያቱን ከጠየቋችሁ ስለ መስቀል ንገሯቸው።